ሳይታይ የቀረው ምልክት

«እታለም፣ እኔ እኮ የአንድ ሰውን እጅ በግማሹ አንብቤ፣ ሰባት ዓመት ያለ ወንድም ኖሬ ይሆናል።»

አስተርጓሚው ይህን የተናዘዘው በወደቡ ክሊኒክ የምሳ ሰዓት፣ ያነሣውን የውሃ ብርጭቆ ሳይቀምሰው መልሶ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ «እታለም» የሚላት የነርሶች አለቃ የላስቲክ ጓንቷን ከጣቶቿ ላይ እየላጠች ቀና ብላ አየችው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አንተ? የዓለሙን እጅ ሁሉ ግድግዳ ላይ የሰቀልከው ሰውዬ?»

«እኔው።»

«ይኼማ ለምሳ ሰዓት የሚበቃ ወሬ አይደለም» አለች፤ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

የግድግዳው ነገር እንዲህ ነው። ክሊኒኩ በወደቡ መልሕቅ የጣሉ መርከቦች የሚያወርዷቸውን ሕመምተኞች ሁሉ ይቀበላል፤ አስተርጓሚውም በአራት ቋንቋ ያደምጣቸዋል። ሥራ በጀመረ በመንፈቁ ግን ጠብ የሚነሣው ከምላስ ይልቅ ከእጅ መሆኑን ተረዳ። አንድ ቀን ሐኪሙ የአንዱን መርከበኛ የሆድ ስፌት መርምሮ ሲያበቃ፣ «አይዞህ፣ ድነሃል» ለማለት አውራ ጣቱንና ጠቋሚ ጣቱን አገናኝቶ ክብ ሠርቶ አሳየው። በመርከበኛው አገር ያ ክብ በሰው ፊት ስሙ የማይጠራ የሰውነት ክፍል ነው፤ ሰውየው የጉሉኮሱን መርፌ ከክንዱ ነቅሎ ለድብድብ ከአልጋው ተነሣ። ሌላ ጊዜ አንዲት ነርስ አውራ ጣቷን ሽቅብ ቀስራ «ጎበዝ!» ብትል፣ መርፌውን በትዕግሥት የተወጋው ሽማግሌ እናቱን የተሰደበ ያህል ዕንባው መጣ። አንድ የመርከብ አዛዥ ደግሞ ነርሷ መዳፏን ወደ መሬት ደፍታ ጣቶቿን እያርገበገበች «ይምጡ» ስትለው፣ «ሂድ» የተባለ መስሎት ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ፤ እስከ መርከቡ ድረስ ሮጠው ከነሕመሙ መለሱት። ከዚያ ወዲህ አስተርጓሚው ሠላሳ አንድ እጅ በጥቁር ቀለም ስሎ፣ ከእያንዳንዱ ሥር የት ምስጋና የት ስድብ እንደሚሆን ጽፎ፣ በመግቢያው ኮሪደር ላይ ሰቀለ። ምላስ ከእናት የሚወረስ መሆኑን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እጅ ግን ለአዳም ዘር ሁሉ አንድ ሆኖ ከሰማይ የወረደ ይመስለዋል። አስተርጓሚው ይህን የዋህነት ከሌሎች አእምሮ ሲነቅል ሲኖር፣ በራሱ ውስጥ አንድ ሥር መቅረቱን ልብ አላለም ነበር።

ያንን ሥር የነካኩት የዚያን ዕለት ጠዋት ለዓይን ምርመራ የመጡ አንዲት አሮጊት ናቸው። ዕድሜያቸውን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በሽመና የጨረሱ፣ አሁን በወደቡ ከተማ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ ጆሯቸው የደከመ፣ ድምፃቸው ግን የጆሯቸውን ድርሻ ጨምሮ የወሰደ ሴት ነበሩ። እታለም ወደ ምርመራው ክፍል ስትጠራቸው ጫማቸውን እያሰሩ ነበርና፣ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳርፈው በመዳፋቸው ጀርባ ወደ በሩ ወረወሩት፤ አንዴ፣ ደግሞም አንዴ።

«ደግሞ እኔ ምን አደረግኋቸው?» አለች እታለም።

«‹ከዓይኔ ጥፊ› ማለታቸው ነው» አለ አስተርጓሚው፣ እንደ ልማዱ በእርግጠኝነት። «ደረት መንካታቸው ደግሞ ‹ከልቤ ነው› ለማለት ነው።»

አሮጊቷ የከንፈሩን እንቅስቃሴ አንብበው ኖሮ ሳቃቸው ኮሪደሩን ሞላው። «ኧረ ልጄ! እኔ ደግሞ ሰው የማባርር ሰው ነኝ? ‹በር ላይ ጠብቂኝ፣ መጣሁ› ነው ያልኳት እኮ! ማሽኑ ሲጮኽ ማን ማንን ይሰማል? እኛ አፋችን እጃችን ነው።» ደረታቸውን ነኩ፤ «እኔ።» እጃቸውን ወረወሩ፤ «በሩ ላይ።» ደገሙት፤ «መጣሁ።»

«አንዴ ብቻ ቢሆንስ፣ እማማ?»

«አንዴማ ከሆነ ‹ሥራ ላይ ነኝ፣ ሂድልኝ› ነው። ለዚህ ነው ሸማኔ ሁለተኛውን ሳያይ ዞር የማይለው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!»

«በየፋብሪካው ሁሉ እንዲህ ነው?»

«የሌላውን በምን አውቄው? በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው።»

አስተርጓሚው የሚቀጥለውን ሕመምተኛ ካርድ አነሣ፤ ዓይኑ ግን ከአሮጊቷ እጅ አልተላቀቀም።

ወላጆቻቸው ከሞቱ በኋላ ያሳደገው ታላቅ ወንድሙ ሸማኔ ነበር። የተበጠሰ ክር ከማንም ፈጥኖ ስለሚቋጥር ባልደረቦቹ «ቋጠሮ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ታናሽየውን ግን በፋብሪካው አካባቢ ዝር አላስባለውም። «ከዚህ ቤት አንድ ጆሮ እንኳ ደኅና ይትረፍ» ይል ነበር። የፋብሪካውንም እጅ እንደ ቱታው እዚያው አውልቆ ይመጣል እንጂ በቤት ውስጥ አያወራበትም። ልጁ ተማረ፤ ወንድሙም ታናሹ በዚያው በከተማቸው መምህር ሆኖ አብሮት ሲኖር በዓይነ ልቡናው እያየ ቆየ። ታናሽየው በሩቁ ወደብ ሥራ ማግኘቱን ለወር ያህል በሆዱ ይዞ፣ የተናገረው በመጨረሻዋ ምሽት፣ ሻንጣው ከታሰረ በኋላ ነው። ቋጠሮ «ሂድ፤ ማን ያዘህ?» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ጎሕ ሳይቀድ ወደ ፈረቃው ወጣ።

ሲነጋ ታናሽየው ሊሰናበተው፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወደ ሽመናው አዳራሽ ሄደ። ወለሉ ላይ የተሰመረውን ቢጫ መስመር ማለፍ ለእንግዳ ክልክል ነበርና ከመስመሩ ወዲህ ቆመ። ወንድሙ በአራት ማሽኖች መካከል ሆኖ አየው። እጁን ደረቱ ላይ አሳረፈ፤ በመዳፉ ጀርባ ወደ በሩ ወረወረ። ለታናሽየው የማታው ቃል በእጅ የታተመ መሰለው። ከልቤ ነው፤ ሂድ።

ታናሽየው ዞረ።

ያንን እጅ በሰባቱ ዓመት ውስጥ ሺህ ጊዜ አይቶታል። በጣቶቹ መካከል የተጣበቀውን የጥጥ ብናኝ፣ ወደ ክርኑ የተሰበሰበውን እጅጌ፣ በጠቋሚ ጣቱ ላይ ክር የቀደደውን ቦይ ሁሉ ያስታውሳል። የማያስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እጁ ሁለተኛ ጊዜ መወርወር አለመወርወሩን። በዚያች ቅጽበት ጀርባውን ሰጥቶ ነበርና።

እታለም ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰማችና «እና አሁን እዚህ ተቀምጠህ ምን ትሠራለህ?» አለችው።

«አንዴ ብቻ ከነበረስ?»

«አንዴስ ቢሆን? አንዴ ‹ሂድ› የተባለ ሰው ሰባት ዓመት ሙሉ ይሄዳል እንዴ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያሉት አንተን አይተው ነው። ነገ አትግባ፤ እኔ እሸፍንልሃለሁ። መርከበኛ ከመጣ ሰሌዳህን እያየሁ በትክክል እሰድበዋለሁ።»

በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፈረ። መንገዱ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሳይታወቀው እጁ ደረቱን እየነካ ወደ መስኮቱ ይወረወር ነበር፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ደግሞ አንዴ። በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው ተሳፋሪ እስከ ሦስተኛው ታገሠና፣ «ወንድሜ፣ እኔን ከሆነ ወራጅ እልልሃለሁ» አለው። አስተርጓሚው ይቅርታ ጠይቆ ሁለቱንም እጆቹን ጭኖቹ ሥር ቀበራቸው። ሠላሳ አንድ እጅ የሳለ ሰው የገዛ እጁን መያዝ አቃተው።

በፋብሪካው በር ላይ ያለው ዘበኛ ባለመስመር ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ ደርቦ ተቀምጦ ነበር።

«ማንን ፈልገህ ነው?»

«ቋጠሮን፣ አባባ። ወንድሙ ነኝ።»

ዘበኛው ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ያ ተምሮ የጠፋው?»

«እሱው ነኝ።»

«ስለ አንተ ያልሰማ በዚህ ግቢ ማንም የለም። ጆሯቸው የደነቆረባቸው እንኳ በእጅ ተነግሯቸዋል።»

«በደግ ነው በክፉ?»

«እንደ ቀኑ» አለ ዘበኛው። «ግባ፤ ፈረቃው የሚወጣው ስምንት ሰዓት ነው። ከመስመሩ እንዳታልፍ ግን።»

የአዳራሹ ጩኸት ከጆሮ ይልቅ በጥርስ የሚሰማ ነበር። አስተርጓሚው በበሩ መቃን አጠገብ፣ በቢጫው መስመር ጠርዝ ቆሞ ከማሽኖቹ መካከል ፈለገው፤ በአራተኛው ረድፍ አገኘው። ጎንበስ ብሏል፤ ራሱ ላይ ያለው ሽበት ይሁን የጥጥ ብናኝ ከሩቅ አይለይም። ከጎኑ ያለችው ሸማኔ አንድ ነገር በጣቷ ጠቆመችው። ቋጠሮ ቀና አለ፤ ወደ በሩም ተመለከተ።

ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም። አራት ማሽን የያዘ ሸማኔ ተተኪው ሳይመጣ ቦታውን አይለቅም፤ ለቀብር ካልሆነ በቀር። ከዚያ ቀኝ እጁ ተነሥታ ደረቱ ላይ አረፈች። በመዳፏም ጀርባ ወደ በሩ ተወረወረች።

አንዴ።

በዚያችው ቅጽበት ሦስተኛው ማሽን ላይ ክር ተበጠሰ። ቋጠሮ ዞር ብሎ ጎነበሰ። ጣቶቹ በተወጠሩት ክሮች መካከል ጠለቁ። አስተርጓሚው የገዛ ተረከዙ ወደ ኋላ መዞር መጀመሩ ተሰማው፤ አካል ከአእምሮ በፊት የሚያስታውሰው ነገር አለ። የበሩን መቃን በግራ እጁ ያዘ፤ ሰው በጎርፍ ጊዜ ዛፍ እንደሚይዝ አጥብቆ ያዘው። ወንድሙ በሥራ ዘመኑ ካሰራቸው ቋጠሮዎች ሁሉ ይህኛው የረዘመ መሰለው። ማሽኑ ተነሣ። ቋጠሮ ጀርባውን አቀና፤ ታናሽ ወንድሙ እዚያው መቆሙን አየ፤ እጁንም ደግሞ ወረወረ።

አስተርጓሚው ወጥቶ በሩ ላይ ጠበቀ። ግድግዳውን ተደገፈ፤ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሹ እስከ ሆዱ ድረስ ወረደለት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ የፈረቃው ሳይረን ጮኸ። ቋጠሮ ቱታውን አውልቆ ወጣ፤ ፊት ለፊቱም ቆመ።

«ዛሬስ ቆመሃል!» አለ፤ ራሱን ስለማይሰማ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ ጮኾ ነበር የተናገረው።

«ጋሼ፣ ያን ቀንስ ሁለት ጊዜ ነበር?»

«ምን አልክ?»

አስተርጓሚው ደረቱን ነካ፤ እጁን ወደ በሩ አንዴ ወረወረ፤ ቅንድቡንም ሰቅሎ ጠየቀው። ከዚያ ሁለተኛ ወረወረ።

ቋጠሮ የታናሹን እጅ አፍጥጦ ተመለከተ። «ሁለቴ? ክንዴ እስኪገነጠል ነው እንጂ! ጀርባህን ስጠራ፤ ጀርባ ደግሞ ዓይን የለው! ከባልደረባዬ ጋር ፈረቃ ተለዋውጬ እስከ አውቶቡሱ ልሸኝህ ነበር እኮ። ብወጣ በሩ ባዶ። ‹ለአሥር ደቂቃ እንኳ አልበቃሁትም› አልኩ።»

«እኔ እኮ የእናንተን እጅ አላውቀውም ነበር፣ ጋሼ። አላስተማርከኝም» አለ አስተርጓሚው ወደ ጆሮው ተጠግቶ።

ቋጠሮ የገዛ እጁን አገላብጦ አየው። ሠላሳ ዓመት ሲያወራበት የኖረውን ቋንቋ ሰው የማያውቀው መሆኑ አሁን ገና የታየው ይመስል ነበር። «አለማስተማሬን ረስቼው» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከወደቡ የጻፍክልኝ ደብዳቤስ? ‹እንዳልከኝ ሄጃለሁ› ይላል። የማታውን ክፉ ቃሌን ቋጥሮብኛል ብዬ አፈርኩ። ከማፈር ደግሞ መኩራት ይቀላል።»

«ይቀላል» አለ አስተርጓሚው። እርሱም ያውቀዋል።

«የወደብ ብርድ አጥንት ይሰብራል ብለውኝ ብርድ ልብስ ሁሉ አስሠርቼልህ ነበር። ሁለት ዓመት ጠበቅኩህና ለዘበኛው ሰጠሁት።»

አስተርጓሚው መሣቅ ጀመረ፤ ሳቁን ማቆም ስላቃተው ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ቋጠሮም የሚያስቀው ነገር ምን እንደሆነ ሳይገባው አብሮት ሳቀ።

የግቢው በር ጋ ሲደርሱ ዘበኛው ሁለቱን አይቶ ብርድ ልብሱን ከጉልበቱ ላይ ማጣጠፍ ጀመረ። «እንግዲህ ባለቤቱ መጣ» አለ፤ ቅር ያለው መሆኑን ግን አልደበቀም።

«ይያዙት፣ አባባ። የወደቡን ብርድ ለምጄዋለሁ።»

«እሰይ!» አለ ዘበኛው፤ መልሶም ደረበው።

ቋጠሮ የታናሹን ቦርሳ ተቀበለው። ሁለቱ ወንድማማቾች ጎን ለጎን ሆነው በእግራቸው ወደ ቤት ሄዱ።