ዳፊና ያልበላችው ቂጣ

ዳፊና ቀሚሱን ከአክስቷ ነው የተዋሰችው። ርዝመቱ መሬት ይጠርጋል፤ ከሩማንያዋ ከተማ ከሲቢዩ ከመጣችበት አውቶቡስ ስትወርድ ረግጣው በአፍጢሟ ልትደፋ ምንም አልቀራትም።

ያለ ምክንያት አልተዋሰችም። እሷ የቫዮሊን ተጫዋቾች ልጅ ናት፤ የምትወደው ላዛር ደግሞ የመዳብ ቀጥቃጮች ልጅ። ሁለቱም ወገኖች ሮማ ነን ይላሉ፤ ሌላው ሰው ጂፕሲ የሚለው ሕዝብ። ቀጥቃጮቹ ግን በጋጆ ሰርግ ሲጫወት ኖሮ ቋንቋውን የረሳ ሰው እሱ ራሱ ጋጆ ሆኗል፣ ማለትም እንደ ቀረው ዓለም ሁሉ ሮማ አይደለም ባዮች ናቸው። የላዛር እናት ሳፍታ ቁርጡን ተናግራለች፤ ጋጆ ምራት ቤቷ አትገባም። ዛሬ ልጅቷን አይታ ትወስናለች። የቀጥቃጮቹ ሴቶች ደግሞ ረጅም ቀሚስ ነው የሚለብሱት።

ዳፊና ግቢው ስትደርስ ላዛር የውሃ ጉድጓዱ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ አንድ እጀታው አዲስ በሆነ የመዳብ ሳፋ ጥቁር ሱሪውን እየፈተገ ነበር።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ቅባት ደፋሁበት። እማ ዱቄት ልትገዛ ወጥታለች፣ ሳትመለስ ልገላገል።»

ዳፊና ሳቀች። ሱሪውን ራሱ የሚያጥብ ባል ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

ሳፍታ መጣችና ከእግሯ እስከ ራሷ አየቻት።

«ቋንቋችንን ትሰሚያለሽ?»

«አልሰማም፣ እትዬ። አያቴ ግን ትንሽ ትሰማ ነበር።»

«ልጄ የሚያገባው አያትሽን ነው? ቀሚሱስ የማን ነው?»

«የአክስቴ።»

«ረጅም ሴት ናት ማለት ነው።»

የላዛር አባት ሙርሻ ከጥግ ሆኖ ሳቁን ዋጠ። «ኧረ ልጅቷን ትንፋሽ ስጫት፣ ሳፍታ።»

ሳፍታ እጇን ታጥባ ከጓዳ የሊጥ ማቡኪያ ሳፋዋን ይዛ ወጣች። ዳፊና አንድ እጀታው አዲስ መሆኑን ልብ አለች። ላዛርን አየችው፤ እሱ ከአባቱ ጋር ስለ አረቄ ማውጫ ጋን ይጫወታል። ዱቄቱ ተቦካ፣ ተዳመጠ፣ ተጠበሰ። ትኩስ ቂጣ ከተፍ ሲል ላዛር ቀድሞ ቆርሶ ጎረሰ፤ እናትና አባቱም ተከተሉ። ለዳፊናም ቆርሰው ሰጧት።

መቼም አንዲት ጉርሻ ናት። ዓይኗን ጨፍና ብትውጣት ላዛርን ታገባለች። ከልቧ ትወደዋለች፤ ደግሞስ በእናቱ ፊት እንዴት ታዋርደዋለች? ቂጣውን እስከ ከንፈሯ አደረሰችው። ግን መልሳ አስቀመጠችው።

«አልበላም፣ እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»



«ዕድሜ ልኬን መዳብ ሸጥኩላቸው» አለች ሳፍታ ቀስ ብላ። «አንድም ጋጆ ከእጄ ውሃ ጠጥቶ አያውቅም። እጄን እያዩ ይጠየፉኛል። አንቺም ገበታዬ ላይ ተቀምጠሽ ልትጠየፊኝ መጣሽ? በይ ተነሽና ሂጂ።»

ዳፊና ተነሳች። እንባዋ ግን ከእግሯ ቀደመ።

«እርስዎን አይደለም የተጠየፍኩት። በዚያ ሳፋ ላዛር ሱሪ አጥቦበታል።»

ሲያኝክ የነበረው የላዛር አገጭ ቀጥ አለ። ሙርሻ የያዘውን ቂጣ እንደ ፍም ጣለው።

«በሳሙና አለቅልቄ ነው የመለስኩት እኮ» አለ ላዛር።

ከዚህ የባሰ መልስ ቢያስብም አያገኝም ነበር፤ ሱሪ የታጠበበት ዕቃ በሮማ ሕግ በሳሙና አይነጻም። ሳፍታ አፏ ውስጥ የቀረውን ቂጣ ሽርጧ ላይ ተፋች፤ ግን ልጇን ትታ ወደ ዳፊና ዞረች።

«ማነው ይህን ያስተማረሽ?»

«ማንም። እናቴ ለሳህን ሌላ፣ ለሸሚዝ ሌላ፣ ለሱሪ ሌላ ሳፋ አላት። ልጅ ሆኜ ካልሲዬን በሳህኑ ሳፋ ብነክር ሳፋውን አውጥታ ለጎረቤት ጋጆ ሰጠችው። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። ሰው ሁሉ እንደዚያ የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር።»

ሳፍታ ሽርጧን ፈትታ ጣለች፣ ሻሿን አጥብቃ አሰረች።

«ወዴት ነው?» አለ ሙርሻ።

«ከልጅቷ እናት ዘንድ። የልጅቷንስ ሮማነት በዓይኔ አይቻለሁ» አለችና ላዛርን በአገጯ አመለከተች። «ሴትየዋ ስለዚህኛው ስትጠይቀኝ ምን እንደምላት ነው የጨነቀኝ።»