ቅቤ የጠጣው ቢስክሌት

ሰቆጣ አንድ ቢስክሌት በገባ በሁለተኛው ወር፣ ስለ ቢስክሌቶች መንገድ የከተማው ሰው ለምክር ተጠራ። የከተማው ጸሐፊ ደሞዝ በወይራው ጥላ ሥር ቆሞ «ቢስክሌቶቻችን» እያለ ሲናገር ውኃ አመላላሿ ይታየሽ ከሕዝቡ ጀርባ ሆና ቆጠረችው፤ በአንድ ንግግር ዘጠኝ ጊዜ አለው። እሷ «አህዮቼ» ስትል ሁለት ስለሆኑ ነው። የእሱ አንድ ሆኖ እንዴት እንደ በዛ አልገባትም፤ እንዲገባትም አልፈለገች።

ዘመኑ ሃምሳ ስምንት፣ ወሩ ጥቅምት ነበር። ደሞዝ ደሴ ስድስት ወር ተምሮ ሲመለስ ጥቁር መነጽር፣ ቢስክሌቱንና «ሥልጣኔ» የሚል ቃል ይዞ መጣ። ክረምቱ መንገዱን ስለ ቆረጠው ቢስክሌቱ ከኮረም የመጣው በበቅሎ ተጭኖ ነው። ይታየሽ የገባ ዕለት አይታዋለች፤ ጎማዎቹ በበቅሎዋ ግራና ቀኝ ተንጠልጥለው በባዶ አየር ላይ ይሽከረከሩ ነበር። «ሰው ሊያደርስ የመጣ ነገር እሱን በበቅሎ አደረሱት» ብላ ለአህዮቿ በአገሯ ቋንቋ በኽምጣኛ ነገረቻቸው። ከአህዮቿ ጋር የምታወራው በኽምጣኛ ነው። አማርኛ ለደንበኞች ነው።

ደንበኞቿ ግማሹ ከተማ ናቸው። ባሏ ሞቶ ከደሃና አገር ከወጣች ጀምሮ ከታችኛው ምንጭ ውኃ በእንስራ እየጫነች ለየቤቱ ታደርሳለች። መሬት የላትም፣ የሚያርስላት ልጅም የላትም። ያላት አቀበቱ ነው፤ ከምንጩ ተነሥቶ በቤተ ክርስቲያኑ በር አድርጎ ገበያው ላይ የሚወጣው ቀጥ ያለ መንገድ። በእሱ ጠዋት ጠዋት አራት ጊዜ ትመላለሳለች፤ ሆዷም በአራቱ ምልልስ ልክ ነው የተለካ። በሸለቆው የዞረ ሰው ሁለት ጊዜ ከተመላለሰ ተመስገን ይበል፤ ያውም አህያው ካልወደቀ። ባለፈው ክረምት ጎርፍ አቀበቱን የዘጋ ዕለት በሸለቆው ሞክራ፣ ሦስተኛዋ አህያዋ አዳልጧት ወድቃ የጅብ ራት ሆነች።

እንግዲህ ደሞዝ የያዘው ወረቀት ስለዚህ አቀበት ነበር። በሚያምር እጅ ጽፎታል፤ ይህን ይታየሽም አልካደችም። «ከኅዳር ሚካኤል ጀምሮ የጭነት ከብት በአቀበቱ እንዳይሄድ፣ በሸለቆው ዞሮ ወደ ከተማ እንዲገባ፣ አቀበቱም ለቢስክሌት እንዲለቀቅ» ይላል። የቀረው የሽማግሌዎቹ የጣት አሻራ ብቻ ነበር።

«አባቶቼ፣» አለ ደሞዝ፣ «ዓለም በጎማ ላይ ነው ያለ። እኛ ገና በኮቴ ላይ ነን።»

ሸንጎውን የሚመሩት ግራዝማች አስማረ ራሳቸውን ነቀነቁ። ግራዝማች ያልገባቸው ነገር በተነገረ ቁጥር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ደሞዝ ከደሴ ከተመለሰ ወዲህ አንገታቸው አላረፈም።

ኮርቻ ሰፊው ዋሴ ከተቀመጠበት ድንጋይ ሳይነሣ፣ «ልጅ ደሞዝ፣ ይኸ ነገር ስንት ቁና ይጭናል?» አለ።

«እህል አይጭንም፣ አያ ዋሴ። ሰው ነው የሚጭን።»

«ሰውዬውሳ ምን ይጭናል?»

«ቦርሳ።»

«ቦርሳው ውስጥ ምን አለ?»

ደሞዝ መነጽሩን አወለቀና መልሶ አደረገ። «ወረቀት» አለ።

«እህ። ለወረቀት ነዋ መንገድ የምንለቅ።»

ሰዉ ሳቀ። የደብሩ አለቃ ገብረ ሊባኖስ አልሳቁም። መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ «ቁልቁለቱን ይወርዳል እንበል። ዳገቱንስ እንዴት ይወጣል?» ብለው ጠየቁ።

«ዳገቱን እንኳ . . . ባለቤቱ ወርዶ ይገፋዋል፣ አባቴ።»

ያኔ ይታየሽ ከኋላ ተናገረች። «እኔም አህያዬ ዳገት ላይ ስትለግም እገፋታለሁ። እሷ ግን ውኃ ተሸክማለች።»

ደሞዝ ወደ እሷ ዞረ። «አንቺ ሴትዮ፣ መጀመሪያ አማርኛውን አቅኚው። ሸንጎ ነው እንጂ የአህያ በረት አይደለም።»

በዚህ ደግሞ ከፊተኛው ይልቅ ተሳቀ። ይታየሽ የሳቁትን አንድ በአንድ አየቻቸው። ይህች ጧት ሁለት እንስራ ተቀብላለች፤ ያ ለልጁ ክርስትና ስድስት አዝዟል፤ ያች ደግሞ ውኃው ደለል አለው ብላ ሁልጊዜ ታጉረመርማለች። እሷ ከተናገረችው ውስጥ ያልገባቸው አንድ ቃል እንኳ አልነበረም። ለመሳቅ ግን የጸሐፊ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል።

አለቃ ገብረ ሊባኖስ ጣታቸውን ከማሳረፋቸው በፊት ነገሩን በዓይናቸው ማየት እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ደሞዝ ደስ አለው። ሐሙስ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ተነሥቶ፣ አንዲት ሴት አንድ እንስራ ሳትሞላ ምንጩ ላይ እንደሚደርስ ቃል ገባ። ግራዝማች ነቀነቁ።

ረቡዕ ዕለት ደሞዝ ወደ ዋሴ ደጅ ሄደና፣ ኮርቻው ነገ በሰው ፊት እንዲያበራ ምን ቢያደርገው እንደሚሻል ጠየቀ። የቢስክሌቱም መቀመጫ ኮርቻ ይባላል፤ ቆዳም ነው። ዋሴ ስለ በቅሎ ኮርቻ ለሁሉም የሚለውን አለው፦ ለጋ ቅቤ ቀብተህ በጨርቅ እሸው፣ ጧት ፊትህን ታይበታለህ። በዋግ ኮርቻ እንዲህ ነው የሚያዝ። ደሞዝ ቤቱ ገብቶ መቀመጫውን ቀባ፤ አማረ። ቆዳው ካማረ ብረቱስ ምን በደለ ብሎ ብረቱንም ቀባ። በመጨረሻም ሰው መጀመሪያ የሚያየው እየተሽከረከረ የሚያብረቀርቀውን ነውና ሁለቱን ቸርኬዎች፣ ጎማው የሚገጠምበትን ክብ ብረት፣ ዙሪያቸውን አሻቸው። የፍሬኑ ላስቲክ የሚይዘው ያንኑ ቸርኬ መሆኑን ደሴ ላይ አስተምረውት ይሆናል። ቅቤው ግን የሰቆጣ ነው።

ሐሙስ ጧት ፀሐይ ሲሞቅ የከተማው ዝንብ ሁሉ ሥራውን ትቶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሄደ። ቢስክሌቱ አጥሩን ተደግፎ ያብረቀርቃል፤ ደሞዝ በመነጽሩ ሆኖ በባርኔጣው ዝንብ ያባርራል። ሽማግሌዎቹ በተርታ ተቀምጠዋል። ወረቀቱ ግራዝማች ጉልበት ላይ ነው።

ይታየሽ በዚያን ሰዓት ምንጩ ላይ ሦስተኛውን ጭነት ትጭን ነበር። ትእይንቱ እስኪያልፍ እንድትቆይ አንዲት ጎረቤቷ መክራታለች። መቆየት ትችል ነበር። ነገር ግን ወረቀቱ ገና አልተፈረመም፤ እስኪፈረም ድረስ መንገዱ መንገዷ ነው። አህዮቹን ነድታ ወጣች።

መንገዱ እኩሌታ ላይ ስትደርስ ድምፅ ሰማች፤ የንብ ቀፎ የመሰለ፣ ቀጭን፣ እምም የሚል። ቀና ብትል ደሞዝ ሲወርድ አየችው። ኮቱ ከኋላው ተዘርግቷል፤ ጎማው ፀሐይዋን እየፈተለ ነው። ለዓይን ጥቅሻ ያህል ያማረ መሰላት። ይህን ለማንም አልተናገረችም፣ ለአህዮቿም ቢሆን።

ከዚያ ቀኝ እጇን ወደ ላይ አነሣች። «በሕግ አምላክ፣ ቁም» አለች።

በዚያ አገር ይህ ቃል ቀላል አይደለም። የተባለው ሰው ሌባም ይሁን ሹም፣ አንድ እግሩን አንሥቶ ከሆነ እንኳ ሳያሳርፍ መቆም አለበት። ደሞዝ ራሱ በመስከረም በዚሁ ቃል እሷን በገበያው መካከል አስቁሟታል፤ አህዮች መንገድ ያቆሽሻሉ ብሎ በመዝገብ ሲጽፋት፣ ከእነጭነታቸው እኩለ ቀን ድረስ ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ይህን አማርኛ ያስተማራት ያው አማርኛዋ አልቀናም ብሎ ያፌዘባት ሰው ነው።

አህዮቹ ቆሙ፤ እሷ ስትቆም መቆም ልማዳቸው ነው። ደሞዝ ሰማ። መስማቱን ከፊቱ አየችው። ፍሬኑን በሁለት እጁ ጨበጠ፤ ላስቲኩ ቸርኬውን ያዘ፣ ቅቤውን ላሰና ለቀቀው። እንደ ገና ጨበጠ። ቢስክሌቱ ከቅድሙ ይልቅ የፈጠነ መሰለ። በሁለቱ አህዮች መካከል ሲያልፍ ከየወገኑ አንድ እንስራ ገጭቶ ሰበረ፤ ውኃው እስከ ወገቡ አለበሰው። ከዚያም መሪው ተጠመዘዘና ሰውዬው የቁልቋሉ አጥር ውስጥ ገባ።

ይታየሽ መጀመሪያ አህዮቹን ዳሰሰች። ደኅና ናቸው። ቀጥላ ወደ ቁልቋሉ ሄደች።

«ተርፈሃል?»

«ተርፌያለሁ» አለ ደሞዝ። መነጽሩ አንድ ዓይን ብቻ ቀርቶታል።

«እንግዲያ ዳኛ ፊት እንሂድ።» የነጠላዋን ጫፍ ከኮቱ ጫፍ ጋር ቋጠረችው። ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ዳኛ ፊት መቅረብ የጥንት ሥርዓት ነው፤ በከተማው ሰው ካየው ብዙ ዓመት ሆኖታል። ደሞዝ ቋጠሮውን አየ፣ ሽማግሌዎቹ ወዳሉበት አየ፣ ሊፈታው ግን አልደፈረም። አቀበቱን በእሷ እርምጃ ወጣ። አህዮቹ ከፊት፣ ሁለቱ ከመካከል፣ ቢስክሌቱን የተሸከሙ ሁለት ጎልማሶች ከኋላ፣ ዝንቡ ከሁሉም በላይ።

ለጠዋት ትእይንት የተቀመጠው ሸንጎ ሳይነሣ ለፍርድ ዋለ። አለቃ ገብረ ሊባኖስ ጠየቁ።

«በሕግ አምላክ ስትልህ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ፣ አባቴ። ነገር ግን ፍሬኑ . . .»

«ስለ ፍሬኑ አልጠየቅሁህም። ቆመሃል?»

«አልቆምሁም።»

ዋሴ ተነሥቶ ወደ ቢስክሌቱ ሄደ፤ ቸርኬውን በጣቱ ነካና አሸተተው። «ለጋ ነው» አለ። ወደ ደሞዝ ዞሮም፣ «ኮርቻውን አልሁህ እንጂ እግሩን ቀባው አልሁህ? በቅሎ ኮቴዋን ቅቤ ተቀብታ ቁልቁለት ስትወርድ የት አየህ?»

«ብረቱም እንዲያምር ብዬ ነው፣ አያ ዋሴ።»

«አምሯል። ከሩቅ አየነው።»

«አህዮቹሳ?» አሉ አለቃ። «ቃሉ ሲነገር ምን አደረጉ?»

«ቆሙ» አለች ይታየሽ። ሌላ አልጨመረችም።

አለቃ በመቋሚያቸው ግራዝማች ጉልበት ላይ ወዳለው ወረቀት አመለከቱ። «ልጁ ያለው እውነት ነው፤ አቀበቱ ሁለቱን አይችልም፤ አንዱ መዞር አለበት። እንግዲህ ሕግ ሲጠራው የሚቆመው በቀጥታው መንገድ ይሂድ። የማይቆመው በሸለቆው ይዙር። የተሰበሩትንም እንስራዎች አንተው ራስህ ከሸለቆው ማዶ፣ ከሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ታመጣላታለህ።»

ግራዝማች አስማረ ወረቀቱን አነሡ። ራሳቸውን አልነቀነቁም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩ ገብቷቸዋል። ከተማው ውስጥ ያን የመሰለ እጅ ያለው ሌላ ስላልነበር ወረቀቱን የሚያቃና ደሞዝ ሆነ። ከይታየሽ ነጠላ ጋር እንደ ተቋጠረ አጎንብሶ «ለቢስክሌት» የሚለውን «ለጭነት ከብት» አደረገ፤ «የጭነት ከብት» የሚለውን ደግሞ ሠረዘና በላዩ ላይ «ቢስክሌቶች» ብሎ ጻፈ፤ የጻፈውንም ጮክ ብሎ አነበበ።

«አንድ ነው ያለው» አለች ይታየሽ።

ደሞዝ ግራዝማችን አየ። «አንድ ነው፤ አቅናው» አሉ ግራዝማች። አቀናው። ሽማግሌዎቹም ጣታቸውን አሳረፉ።

ይታየሽ ቋጠሮዋን ፈታች። ባለፈው በአማርኛዋ የሳቁባት አሁን ወደ እሷ ተጠግተው፣ አንደበትሽ ይባረክ፣ እኛስ ድሮም ይኸን ነገር አልወደድነውም ይሏት ጀመር። ያች ስለ ደለሉ የምታጉረመርመው ትከሻዋን እስከ መሳም ደረሰች። ይታየሽ አየቻቸውና የቀሩትን ሁለት እንስራዎች አጥብቃ አህዮቿን ነዳች። ውኃውን ለሁሉም እኩል ነው የምታደርሰው፤ ንቀቷንም እንዲሁ።

ኅዳር ሚካኤል በዋለ በሳምንቱ፣ በአቀበቱ ወገብ ላይ ሁለተኛውን ጭነት ስታወጣ፣ ከታች ከሸለቆው ኮቴ የሌለው ነገር ሲንኳኳ ሰማች። ወደ አፋፉ ጠጋ ብላ አየች። ደሞዝ ነው። ቢስክሌቱን በእጁ ይገፋል፤ በኮርቻው ግራና ቀኝ ሁለት አዳዲስ እንስራ በገመድ ታስሯል። ባርኔጣም መነጽርም የለውም፤ የቅቤው ዝንብ ግን እስካሁን ከበላዩ ነው። ሦስተኛዋ አህያዋ ከወደቀችበት ቦታ ለመድረስ ሃያ እርምጃ ያህል ይቀረዋል።

ቀና ሲል አያት።

«እመት ይታየሽ» አለ። እመት ብሏት አያውቅም ነበር። «የሚያዳልጠው የት ላይ ነው?»

«ዝንቦቹን ተከተል» አለች፤ «መንገዱን ያውቁታል።» ወደ አህዮቿም ተመለሰች።

ጥቂት እንደ ሄደች ቆመች። አህዮቹም ቆሙ። ደሞዝ አሁንም ከዚያው እንደ ቆመ ነው፤ አንድ እጁን መሪው ላይ፣ አንድ እጁን እንስራው ላይ አድርጎ።

«ከትልቁ ድንጋይ በግራ በኩል እለፍ» ብላ ተጣራች። «በቀኙ እንዳትሞክረው።»

ለእሱ ብላ አይደለም። እንስራዎቹ የእሷ ናቸው።