የጥርስ ሐኪሟ መጋረጃ

ላፕቶፑን ያየሁት እኔ ነኝ፤ መጋረጃውን ያየችው ደግሞ እህቴ። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

እኔ የቤት ፕላን እየሳልኩ ነው የምተዳደረው። የድሮው ኮምፒውተሬ አንድ ደረጃ ስስልበት ጭጭ ብሎ ቀረ። ጠጋኙ ከፍቶ አየውና "ነፍስ ይማር" አለኝ። ይህ የሆነው ደግሞ አንድ የግንባታ ቢሮ ቤቴ ሆኜ እንድሠራለት በተስማማ ሰሞን ነው። ሰኞ ሥራ ጀምሪ ብለውኛል፤ የራስሽ ኮምፒውተር ይኑርሽ ብለውኛል፤ ካልሆነ ተራዋን የምትጠብቅ ሌላ ልጅ እንዳለች በትሕትና ነግረውኛል። በእጄ ያለው ገንዘብ አንድ ደህና ላፕቶፕ ይገዛል። እሱን ከተበላሁ ላፕቶፑም ሥራውም ሄዱ ማለት ነው።

እህቴ መጋረጃ ሰፊ ናት። እኔ እትዬ እላታለሁ፤ ሰፈሩ ግን "እመት መስኮት" ይላታል፤ ሰው ቤት ስትገባ ከሰላምታ በፊት መስኮቱን ስለምታይ። አብረን ነው የምንኖረው። የፊተኛው ክፍል የሷ ነው፤ ጨርቅ፣ ክር፣ በእግር የሚረገጥ አሮጌ የስፌት መኪና። ጉልበቷን ስለሚያማት መኪናው ላይ ሞተር ለማስገጠም ጥቂት ጥቂት እያለች ታጠራቅም ነበር። የኋለኛው ክፍል የኔ ነው፤ ጠረጴዛና አንድ ወንበር።

ማስታወቂያውን በስልኬ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ያለ የሌለውን በሚሸጥበት ገጽ ላይ ነው። ላፕቶፑ ስስ ነው፣ ጭረት የሚባል የለበትም፤ ዋጋው ሱቅ ከሚጠራው ግማሽ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ደስ ማለቴ ራሱ አስፈራኝ። ሻጩ የሰው ስም የለውም፤ ስም በሚጻፍበት ቦታ "ታማኝ" የሚል ቃል ለጥፏል። ታማኝ ሰው አይቼ አውቃለሁ፤ ግንባሩ ላይ የጻፈ ግን አጋጥሞኝ አያውቅም።

እኔ ደግሞ ነገር ካላጣራሁ አላርፍም። ሌሎቹን እቃዎቹን አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ስልክ፣ ካሜራ፣ ቴሌቪዥን፣ የጆሮ ማዳመጫ። እቃውን ትቼ ክፍሉን አየሁ፤ ሥራዬ ነውና። ስልኩ ሴራሚክ ወለል ላይ ነው። ካሜራው ጣውላ ላይ። ቴሌቪዥኑ ያለበት ክፍል ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ማዳመጫው ያለበት ደግሞ መስኮቱ እስከ ወለል ይወርዳል። የግድግዳው ሶኬት እንኳ ከፎቶ ፎቶ ይለያያል። አንድ ሰው ስንት ቤት ይኖረዋል? ይህን ሁሉ ክፍል በአንድ ፕላን ላይ ሳዪ ብባል እምቢ ነበር የምለው፤ አይገጥምም።

"እትዬ፣ እስቲ ነይማ ይህን እዪልኝ" ብዬ ጠራኋት።

አንገቷ ላይ ሜትሯን እንዳንጠለጠለች መጣች። ላፕቶፑን አላየችውም። ጣቷን ከላፕቶፑ ጀርባ ወዳለው መጋረጃ ሰደደች።

"ይሄ የኔ ነው" አለች።

"ምኑ?"

"መጋረጃው ነዋ! የጥርስ ሐኪሟ ሳሎን እኮ ነው። መስኮቷ በግራ በኩል ዘመም ያለ ነው። እንዳይታወቅባት ብዬ በዚያ በኩል ቅምቅማቱን ሰፋ አደረግኩት። ደግሞ ይኸውልሽ፣ ክር አልቆብኝ የመጨረሻውን ሽንሽን በሌላ ክር ነው የጨረስኩት። ይሄ ደመቅ ያለው።"

ፎቶውን አጎላሁት። እውነቷን ነው፤ ክሩ ከጫፉ ላይ ይለያል፣ ታችኛው እጥፋትም በግራ በኩል ይሰፋል።

"በቃ፣ ባሏ ነው የሚሸጠው" አለች እትዬ። "የታወቀ ቤት ነው። ምን ትጠብቂያለሽ? ግዢው።"

ግራ ገባኝ። ወለሎቹ አይገጥሙም፤ መጋረጃው ግን ገጠመ። እትዬ ሰው ልትረሳ ትችላለች፣ ቀጠሮ ልትረሳ ትችላለች፤ የገዛ ስፌቷን ግን በጨለማ በእጇ ዳብሳ ትለየዋለች።

ለሻጩ ጻፍኩለት። "ስሜን በወረቀት ጽፈህ ላፕቶፑ ላይ አስቀምጥና አንድ ፎቶ አንሳልኝ።"

"እህቴ፣ ካሜራዬ ተበላሽቷል" አለኝ። ገጹ ላይ ካሜራ በየዓይነቱ የደረደረ ሰው!

"ታዲያ የለጠፍከውን መቼ አነሳኸው?"

"ዛሬ ጠዋት። ከዚያ በኋላ ነው የተበላሸው።"

እትዬ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ስታነብ ቆየችና "እኔ የምልሽን ጻፊለት" አለች። "የመጋረጃውን ጫፍ ገልብጦ ያሳየን በዪው። ከውስጥ በኩል የኔ ምልክት አለ።"

ጻፍኩ። ትንሽ ቆይቶ መለሰ፦ "እህቴ፣ የምትገዢው ላፕቶፕ ነው መጋረጃ?"

እትዬ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ሳቀች። "አየሽ፣ ጨዋታ አዋቂ ነው። ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ሌባ አይሆንም።"

"ሌባ ነው እንጂ ጨዋታ የሚያውቅ! ዘበኛ ሲቀልድ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

ሻጩ ቀጠለ። ለሥራ ከከተማ ወጥቷል፤ ገንዘቡን ከላክሁለት እቃ አድራሽ ቤቴ ድረስ ያመጣልኛል፤ ሌላ ሰውም ጠይቆታል፤ ቅድሚያ ለከፈለ ነው። ይህን ሁሉ ከባንክ ሒሳብ ቁጥሩ ጋር በአንድ ትንፋሽ። እውነቱን ልናገርና ፈልጌዋለሁ። ያን ስስ ላፕቶፕ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ሰኞ ጠዋት ስከፍተው ታየኝ። ጣቴ "ላክ" የሚለው ላይ ደርሶ ተመለሰ።

"ነገ ጠዋት ቤቱ ሄደን እንጠይቅ" አልኳት። "መንገዱን ታውቂው የለ?"

ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ፊቷን ወደ ጨርቋ መለሰች። "የደንበኛ ቤት ያለ ቀጠሮ አይኬድም። መጋረጃዬን ልሰልል የመጣሁ ይመስላታል።"

"ሰላይዋ እኔ ነኝ፤ አንቺ መንገድ አሳዪኝ።"

"እኔ ዋስ ሆኜልሽ?"

"አንቺን ሳይሆን እሱን ነው ያላመንኩት።"

እኔ የሚበላ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ እትዬ እያዜመች ትሰፋ ነበር፤ ምን አስደሰታት ብዬ ነበር፣ አልጠየቅኋትም። ሁሉን የምጠይቀው ሴትዮ ያን ቀን አንዱን መጠየቅ አለፈኝ።

በማግስቱ ሄድን። መንገዱ ጸጥ ያለ ነው፤ አጥሮቹ አጫጭር፣ አንድ ሰውዬ መኪናውን ያጥባል። እትዬ እፊት እፊቴ እየሄደች የየቤቱን መስኮት ትተቻለች። ይሄ ጠቧል፣ ያ ተጨማዷል፣ ያንን የሰፋው ሰው እጁ ይቆረጥ። የጥርስ ሐኪሟ ቤት ፊት ለፊት ስንደርስ ቀጥ ብላ ቆመች።

"አውርደውታል!"

የሳሎኑ መስኮት ላይ ከሱቅ የተገዛ ስስ ነገር ተንጠልጥሏል፤ መስኮቱን ሳይሸፍን ግማሽ ላይ ቀርቷል። "እዪውማ" አለች። "ልጅ እንዳደገበት ሱሪ! ከግራ በኩል ደግሞ ዘመሙ ወለል ብሎ ይታያል። የኔን አውርደው ይሄን?"

ከልቧ ነበር የከፋት። እኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ሄዷል።

"እትዬ፣ ሰውዬው ፎቶውን ትናንት ጠዋት ነው ያነሳሁት ብሎ የለ?"

"ብሏል።"

"ትናንት ጠዋት የትኛው መጋረጃ ፊት?"

መኪና አጣቢው ውሃውን ዘጋና እኛን ያይ ጀመር። መንገዱን ተሻግሬ በሩን አንኳኳሁ።

የጥርስ ሐኪሟ እጇን በፎጣ እያደረቀች ወጣች። እህቴን ስታይ ፊቷ በራ። "እንዴ፣ እመት መስኮት! ምን እግር ጣላችሁ? ግቡ እንጂ!"

"ይቅርታ ዶክተር፣ ሳንነግርዎት መጣን" አልኩና ስልኬን ዘረጋሁላት። "ይህን ላፕቶፕ ባለቤትዎ ናቸው የሚሸጡት?"

ፎቶውን አየች፤ ቀረብ አድርጋ አየችው፤ ቅንድቧ ተነሳ።

"ይሄ እኮ የኔ ፎቶ ነው! ላፕቶፑን ከሸጥኩት ቆየ፤ ያኔ እዚሁ ገጽ ላይ ለጥፌው ነበር። ባለቤቴ ደግሞ እንኳን ላፕቶፕ ሊሸጥ የራሱን ስልክ ቻርጅ ማድረግም ይረሳል። ማነው ይሄ 'ታማኝ'?"

"መጋረጃዬስ?" አለች እትዬ።

"ውይ፣ እሱማ ልጆቹ ክፍል ነው። ፀሐይ እየቀሰቀሳቸው አልተኛ ሲሉኝ፣ ያንቺ ያጨልማል ብዬ ወሰድኩላቸው። ከዚያ ወዲህ እፎይ ብለናል።"

እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ገንዘቤ ኪሴ ነው፤ ሰኞም ገና አልመጣም። ወለሎቹ ልክ ነበሩ! ሰውዬው ከየሰው ቤት ፎቶ እየለቀመ አንድ ሱቅ አስመስሎ ደርድሯል። ይህን ለእትዬ ልነግራት ዞር ስል እጇን አፏ ላይ አድርጋ አገኘኋት።

"ቀብድ ልኬለታለሁ" አለች።

"ምን?"

"ትናንት፣ አንቺ ስትወጪ። ሌላ ሰው ሊወስደው ነው ሲል... እቃው ሲመጣ ላስደንቅሽ ብዬ። የሞተሩን ነው የላክሁት።"

ተናደድኩ። በሌባው ተናደድኩ፣ በእሷ ተናደድኩ፣ ስታዜም ሰምቼ ዝም ባልኩት በራሴ ተናደድኩ። "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ" የሚለው ተረት ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ዋጥኩት።

"ክሩ እኮ የኔ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ክሩስ የኔ ነው።"

ነገሩ ያቃጠለኝ ይሄኔ ነው። ክሩ የሷ ነው፤ ቅምቅማቱም የሷ ነው፤ ያየችው ሁሉ እውነት ነበር። ተራ ውሸት ቢሆን እትዬን ማን ያታልላት ነበር? ሌባው እሷን ያጠመዳት በገዛ እጇ ሥራ ነው፤ እሱ ራሱ ግን ይህን አያውቅም።

የጥርስ ሐኪሟ ገጹ ላይ አመለከተች፤ እኛ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን፤ መዘገቡንና እንደውላለን አሉን። ለሻጩ ስጽፍለት መልእክቴ አልደርስ አለ። በማግስቱ ጠጋኙ ሱቅ ሄጄ ወፍራም፣ ከባድ፣ አንድ ፊደሏ የጠፋ አሮጌ ላፕቶፕ አስከፈትኩ። እዚያው በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ሙሉ ቤት ሳልኩባት፤ በር፣ መስኮት፣ ደረጃ። ጠጋኙ "እህቴ፣ ኪራይ ላስከፍልሽ ነው" እስኪለኝ። ከዚያ ነው የከፈልኩት። ሰኞ ሥራ ጀመርኩ። ላፕቶፗ ስትነሳ እንደ ወፍጮ ታጓራለች፤ የእትዬ መኪና ከፊተኛው ክፍል ይመልስላታል። ያ እግር የሚረግጠው መኪና በተንኳኳ ቁጥር አንጀቴን ይበላዋል።

እትዬ ግን አላለቀሰችም። አንድ ጥያቄ ያዛት። "እንዴት ነው የሚመርጠው?" ትለኛለች እየበላን። "ለምን የጥርስ ሐኪሟን? ለምን የኔን?" ስልኬን ትቀበለኝና እነዚያን ገጾች ታገላብጣለች። እቃውን አታይም፤ ከጀርባው ያለውን ነው የምታየው። ትራስ ልብስ፣ ምንጣፍ፣ የጠረጴዛ ልብስ። "ይሄ ሰውዬ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት ዓይነት ምንጣፍ አነጠፈ" ብላ ትስቃለች። እኔ ወለሉን እነግራታለሁ፣ እሷ ጨርቁን ትነግረኛለች።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠች። መጋረጃው ተመልሷል። ያው ላፕቶፕ፣ ያው ሽንሽን፣ ያው ደማቅ ክር። ሻጩ አሁን "ታማኝ" አይደለም፤ "ቅን" ሆኗል።

"ጻፊልኝ" አለች። "ሌባ የሚል እንዳታስገቢ። ስድብን ሰው አያምንም።"

እሷ እየነገረችኝ ከማስታወቂያው ሥር ጻፍኩ፦ "ይህን መጋረጃ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ቤቱን አውቀዋለሁ። ላፕቶፑ እዚያ ከሌለ ቆየ፤ መጋረጃውም ከዚያ መስኮት ወርዷል። ያልወረደው ፎቶው ብቻ ነው። ግራውን ቅምቅማት አጉልታችሁ እዩት፤ ከቀኙ ይሰፋል። ይህን የማውቀው እኔ ነኝ፣ ሻጩ አይደለም።"

ቡና ሳናፈላ፣ ሳህኑን እንኳ ሳናነሳ፣ አንዲት የማናውቃት ሴት መለሰች። "እግዜር ይስጥልኝ። ለልጄ ብዬ አሁን ልልክ ነበር።" ቀጥላም ጻፈች፦ "ስፌትሽን አየሁት፤ ያምራል። የኔም ሳሎን ሁለት መስኮት አለው። ትሰፊልኛለሽ? ቀብዱን አሁኑኑ ልላክልሽ?"

ጮክ ብዬ ለእትዬ አነበብኩላት። ሞተሩ በአንዴ መኪናው ላይ ሲገጠም ታየኝ። "ምን ልበላት? እሺ ትላክ?"

እትዬ ቀና ብላ በቁጣ አየችኝ።

"አትላኪ በያት! መስኮቱን በዓይኔ ሳላየው?" አለች። "ደግሞስ እኔ፣ እኔ መሆኔን በምን ታውቃለች?"