አምስት ጣት ያለው ግስላ

ጥርስ ሠሪው አንዱን አስር ማድረግ ይወዳል። መዳፍ የማትሞላ ዓሣ አጥምዶ «ክንዴን ታክላለች» ሲል የኖረ ሰው፣ እሁድ ጠዋት ከከተማ ወጣ ብዬ ብስክሌት ስነዳ ግስላ መንገድ አቋረጠኝ ቢል ማን ያምነዋል? ያውም ጥቁር፣ ጅራተ ረጅም፣ ዞር ብሎ በንቀት ያየው ግስላ!

ሌላው ባያምነው ግድ አልነበረውም። የእጮኛው እናት፣ ዶሮ አርቢዋ፣ ግን «ልጄን ለቀጣፊ አልድርም» ብለው ቁርጡን ነግረውታል።

«እትዬ፣ ዓይኔ ይጥፋ፣ አይቻለሁ!»

«ዓሣዋንም አይተሃታል» ብለው አፉን አስያዙት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እሱ ግን እስኪያድር የሚጠብቅበት ትዕግሥት አልነበረውም። ከወርክሾፑ የጥርስ ቅርጽ የሚያወጣበትን ጄሶ ይዞ በረረ። በጥብጦ ግስላው ባቋረጠበት መንገድ ጭቃ ላይ የቀረው ዱካ ውስጥ አፈሰሰው። ሲደርቅ አንስቶ ወርክሾፑ ወሰደው፤ እያፏጨ አጠበው፣ ሞረደው፣ አለሰለሰው። ደስታው ልክ አልነበረውም። አሥራ አምስት ዓመት የሰው ጥርስ የሠራ እጅ ደግሞ ክፍተት አይወድም።

በማግስቱ ጄሶውን ከፎጣ ፈቶ ሴትዮዋ ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖረው። መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡት።

«አንተ፣ ይሄ እኮ አምስት ጣት አለው።»

ጎንበስ ብሎ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ።

«እትዬ... መሀሉ ላይ ባዶ ቦታ ነበረ። እጄ ነው፤ የወለቀ ጥርስ መስሎት ሞላው!»

እጮኛው ሳቋ አላስቆም ብሏት ሶፋው ላይ ተደፋች። እናትየው ግን ጦፉ።

«ሰው እንዴት ጣት ይጨምራል? ዱካው አራት ነው ያለው፣ አራት! እኔ ከዶሮ ቤቴ ጀርባ በየማለዳው የምጠርገው...»

ልጅቷ ቀና አለች።

«እማዬ፣ በየማለዳው ምንድን ነው የምትጠርጊው?»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁ። መሸሻ አጡ።

«ሦስት ሳምንቱ ነው። እንዳለው ጥቁር ነው፤ አራት ዶሮ በልቶብኛል። አሮጊቷ ቃዠች እንዳትሉኝ ፈርቼ ነው ዱካውን ስጠርግ የከረምኩት።»

ጥርስ ሠሪው ሊጮህ ምንም አልቀረው፤ ጄሶውን አቅፎ ዘለለ።

«ታዲያ እትዬ፣ ልጅዎን ለቀጣፊ...»

«ምን አፍ አለኝ? ከኔ የባሰ ቀጣፊ የት ይገኛል? ውሰዳት» አሉት። «ከዛሬ ማታ ጀምሮ የዶሮ ቤቱን በር የምትዘጋው ግን አንተ ነህ።»