የአርባ ሰባት ቁጥር ተራ

ጠዋት የክሊኒኩ ነርስ ደወለችልኝ። «ኧረ በናትሽ፣ ይሄ የተራ መጥሪያ አንዳንድ ቁጥር ላይ ሲደርስ ድርቅ ይላል። ሕዝቡ ሊበላኝ ነው!» አለች። እኔ የሠራሁት ይመስል! ፕሮግራሙን የጻፈው ሰውዬ ሥራ ለቆ ሄዷል፤ ጣጣው ግን እንደ ልማዱ እኔ ላይ ወደቀ።

ክሊኒኩ ከተማው ማዶ ነው። ቢሮዬ ቁጭ ብዬ፣ ኮምፒውተሬ ላይ በሚከፈተው ጥቁር መስኮት ትእዛዝ እየጻፍኩ በኢንተርኔት እነሱ ኮምፒውተር ውስጥ ገባሁ። ፕሮግራሙን «ሰው ልትጠራ ስትል ቁም፤ የያዝከውን አሳየኝ» አልኩት። ጥቂት ሰዎች እንዳለፉ ነገሩ ገባኝ። የምርመራ ውጤቱ ደህና የሆነ ሰው የማስታወሻ ቦታው ባዶ ስለሆነ ያልፋል። ማስታወሻ የተጻፈበት ሰው ጋ ሲደርስ ግን ፕሮግራሙ ግራ ይገባውና እዚያው ይቀራል። የሚደርቀው ክፉ ወሬ ያለባቸው ላይ ብቻ ነበር።

አንዲት መስመር አስተካክዬ እንደገና አስነሣሁትና፣ የሚቀጥለው ማስታወሻ ላይ እንዲቆም አዘዝኩ። ቆመ።

አርባ ሰባት። «ዕጢው አደገኛ ነው። ሐኪሙ ራሱ ይንገራቸው።»

አርባ ሰባት አባቴ ነው። ጠዋት «አብሬህ ልምጣ?» ስለው «ሙሽራ ነኝ እንዴ፣ አጃቢ የምፈልገው?» ብሎ ሳቀብኝ። እዚያ ደርሶ ደግሞ ደወለና «አርባ ሰባተኛ ነኝ፤ እስኪጠሩኝ ጢሜ ይበቅላል» አለኝ። መጥሪያውን የምጠግነው እኔ መሆኔን ያኔ ነግሬዋለሁ።

ምንም አልተሰማኝም። ማልቀስ አልነበረብኝም? ሻዬን ነካ አደረግኩት፤ ቀዝቅዟል። ወንድሜ የሚሠራው ከክሊኒኩ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። ደወልኩለትና «ሩጥ፣ አባዬ ጋ ሂድ። ለምን አትበለኝ» አልኩት። ከዚያ «ቀጥል» የሚለውን ትእዛዝ ጻፍኩ፤ ግን ሳልልከው እጄን ጭኔ ላይ አደረግኩ።

ስልኩ ጮኸ። አባቴ ነው።

«አንቺ ነገረኛ! ማሽንሽ ተኛ እንዴ? እኔ እዚህ ‹የምትጠግነው ልጄ ናት› ብዬ ጉራዬን ስነዛ ነው የዋልኩት። እንዳታዋርጂኝ!»

ከጀርባው ሕፃን ያለቅሳል። አንዲት ሴት «ኧረ የሰው ያለህ!» ትላለች። ያን ሁሉ ሰው ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ እሱም አልተሰማኝም።

«ትንሽ ነው የቀረኝ፣ አባዬ። በልተሃል?»

«አሁን የምግብ ወሬ ምን አመጣው? ሥሪ እንጂ!» ወዲያው ደግሞ «ውይ፣ ወንድምሽ መጣ። ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያለከልከው?» አለኝ።

ትእዛዙን ላክሁት።

«ቁጥር አርባ ሰባት» ሲል የመጥሪያው ድምፅ በስልኩ ውስጥ ተሰማኝ። ሰዉ አጨበጨበ።

«እሰይ! ሠራ! የመጀመሪያውም እኔው!» አለ አባቴ፤ ደስታው ድምፁን አጉልቶታል። «እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ!»

«አሜን» አልኩት።