ምቀኛ የሚቆምበት የካርቶን ወንበር

አናጢው ይማም ሙሔ በዚያ ምሽት ጀንበር ገና ሳትጠልቅ አልጋው ላይ ወጣ፤ ሕመም አልነበረም ያስተኛው፣ ንዴት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዋንዛና ጥድ ሲጠርብ፣ ሲልግ፣ ሲያጋጥም የኖረ ሰው በስተርጅናው የካርቶን ተፎካካሪ ይነሣበት? ያውም ማን? የሟች ወንድሙ ሚስት ዘሐራ፣ ያቺ በደሴ ገበያ ሱቅ ለሱቅ እየዞረች የሳሙናና የብስኩት ካርቶን የምትለቅም ሴት። የለቀመችውን ቆርጣ፣ በዱቄት ሙጫ ደራርባ ወንበርም፣ መደርደሪያም፣ የመብራት ጥላም ታወጣበታለች። ከሁሉ የከነከነው ደግሞ ሰዉ ከእሷ መግዛት መጀመሩ ነው።

በማግስቱ ዘሐራ አባል ልሁን ብላ በአናጢዎቹ ማኅበር ፊት ልትቀርብ ነበር። የማኅበሩ ደንብ አጭር ነው፦ አዲስ ገቢ የሠራውን ወንበር ያቀርብና በአባላቱ ፊት ራሱ ይቆምበታል፤ ወንበሩ ከቻለው አባል ይሆናል፣ ካልቻለው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ወንበሯን አስቀድማ ለማኅበሩ መጋዘን አስረክባ ነበር፤ የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው ደግሞ በይማም እጅ ነው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻውን ገብቶ ወንበሩን ገለበጠና ክብደት የሚሸከሙትን የውስጥ ቋሚዎች በምላጭ ከግማሽ በላይ ቆርጦ መልሶ አቆመው። አናጢ ነውና የት እንደሚቆረጥ ያውቃል። ትወድቃለች፣ ይሳቅባታል፣ ነገሩም በዚያው ያበቃል ብሎ ራሱን አጽናና። የአዳራሹ ወለል ሲሚንቶ መሆኑ ትዝ ባለው ቁጥር ግን እየተገላበጠ አመሸ።

እንቅልፍ በጣለው ጊዜ ራሱን በደሴው ጦሳ ተራራ ጥግ ቆሞ አገኘው፤ ግን ምን ዓይነት ጦሳ! ከግርጌው እስከ ራሱ ጥድና ዝግባ ለብሶ፣ ምንጩ ከየሥሩ እየፈለቀ፣ አውራ ጎዳናው ሳይቀር በጥላ ተሸፍኖ ነበር። አጠገቡ ፊቷ ያልተፈታ ረዥም አሮጊት ቆማለች። ሰላምታ እንኳ አላቀረበችለትም። የምታየውን ሁሉ እንደምትጠላ እናውቃለን፣ የተጠራኸውም ስለዚሁ ነው ብላ ወደ መንደሩ አስገባችው። የቤቱ ዕቃ ሁሉ ወረቀትና ካርቶን ነው፤ አልጋው፣ የሕፃናት መኝታው፣ ቁም ሣጥኑ፣ ከተጠቀለለ ጋዜጣ የተጎነጎነው መሶብ ሳይቀር። ያረጀው ዕቃ በገንዳ ተዘፍዝፎ ይወቀጣል፣ ተጨምቆም እንደገና ዕቃ ይሆናል፤ የሚጣል ነገር የለም። ሰዎቹ ግን ይማምን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። አንዲት እናት ዛፍ በሊታው መጣ ብላ ልጇን ከነመኝታው ከመንገዱ አነሣችበት፤ የካርቶን መኝታው በአንድ እጅ ብድግ ማለቱ ይማምን ይበልጥ አበሳጨው።

ነገር ፍለጋ ጀመረ። ዝናብ ሲያገኘውስ ብሎ ጠየቀ። ሰም እንቀባዋለን፣ አንተስ ጥድህን ምስጥ ሲበላው ምን ታደርጋለህ ብላ መለሰችለት። እሳትስ ቢላት፣ ያንተ ወንበር እሳት የማይፈራ ይመስል አለችው። በመጨረሻ ይህ ሁሉ ሲመጣ አናጢዎቹ የት ገቡ፣ በረሃብ አለቁ ወይ ብሎ ጮኸባት። አሮጊቷ በከዘራዋ አመለከተችው። ሽማግሌ አናጢዎች ማስመሪያና የማዕዘን መለኪያ ይዘው፣ የካርቶኑን የውስጥ ሽንሽን ወደ ላይ እያቆሙ ይቆርጣሉ፤ ይማም የእንጨትን ጅማት አይቶ እንደሚቆርጠው ማለት ነው። ያ ሁሉ ጥበብ የእሱው ሙያ መሆኑን ሲያይ ቅናት አንጀቱን በላው፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ከዚያ ወደ ሰፊ አዳራሽ አስገባችው። ሕዝቡ ዙሪያውን ተቀምጧል፣ መሀል ላይ አንድ ወንበር ብቻ ቆሟል። ሥር ላይ ያለውን የሳሙና ካርቶን ጽሑፍ ሲያይ ለየው፤ የዘሐራ ነው።

«በእናንተ አገር ወንበር ላይ የሚቆመው ማነው?» አለች አሮጊቷ።

«ሠሪው ነዋ።»

«በእኛ አገር የሚቆመው ምቀኛው ነው። እናንተ ምቀኛ አታሳጣኝ ትላላችሁ፤ ምቀኛውን ግን ሥራ ፈት አድርጋችሁ ምላጭ ታስይዙታላችሁ። እኛ ወንበሩ ላይ እናቆመዋለን። ከቻለው፣ መቻሉን በገዛ አፉ ይመሰክራል። ውጣ።»

ይማም አንድ እግሩን አነሣና መልሶ አወረደው።

«ምን ያዘህ?»

«ይሰበራል።»

«ካርቶን ስለሆነ?»

አዎ ማለት ብቻ ይበቃው ነበር። ሕዝቡም አዎ እንዲል የሚጠብቅ መሰለው፤ አንዱም ፊት ግን አልራራለትም። ሠላሳ ዓመት ወንበር የሠራ እጁ እውነቱን ያውቃል፤ ምላጭ ባይገባበት ያ ወንበር ሁለት ሰው ይሸከም ነበር። እያፈረ፣ «እኔ ስለ ቆረጥሁት ነው» አለ።

የሱብሒ አዛን ቀሰቀሰው፤ ላብ አጥምቆት ነበር። ሰግዶ በቀጥታ ወደ ዘሐራ ቤት ሄደና ደጃፍ ላይ ቆሞ ሕልሙን መተረክ ጀመረ። ስለ ደኑ፣ ስለ መሶቡ፣ ስለ አሮጊቷ ሲያወራ ሰማችው። ስለ ምላጩ ሲነግራት ግን ፊቷ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ ሕልምዎን ኋላ ለአባላቱ ይተርኩላቸዋል» አለችው። «መጀመሪያ ምላጩን ይንገሯቸው። እኔ አልናገርልዎትም።»

አባላቱ ሲሰበሰቡ ይማም ማንም ሳይጠራው ተነሣና ወንበሩን ገልብጦ የአንዳንዱን እጅ እየሳበ ቁርጡን አስነካ። ማን እንደ ቆረጠውም ተናገረ። የቅርብ ወዳጆቹ እንኳ ቀና ብለው አላዩትም። ያኔ ያየውን ሁሉ አንድ በአንድ ተረከ፤ ጦሳን፣ አናጢዎቹን፣ የዚያን አገር ደንብ። ሲጨርስ ወደ ዘሐራ ዞረ።

«ሌላ ሥሪ» አላት። «የምቆምበት እኔ ነኝ።»

ዘሐራ የተቆረጠውን ወንበሯን አንሥታ ብብቷ ሥር ያዘች።

«እሠራለሁ» አለች። ከዚያ ወደ አባላቱ ዞራ፣ «የመጋዘኑን ቁልፍ ግን ለሌላ ሰው ስጡልኝ» አለቻቸው።