ከጭሱ ያወጣት ልጅ

ነዕማት የመላክን ክንድ ይዛ ከሰልፈኞቹ መሃል ጎትታ አወጣቻትና ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ አቆመቻት። ሴት ተማሪዎቹ የኮሌጁ በር ላይ ሆነው እያጨበጨቡ ይጮኻሉ፤ ከአዲሱ የተማሪዎች ኮሚቴ ወንበር ግማሹ ለሴቶች ይሰጥ ነው የሚሉት።

"ዛሬ ስብሰባው ላይ ስናገር አጠገቤ ትቆሚያለሽ?"

"ስለ ወንበሩ ነው?"

"ስለ ሐይደር።" የነዕማት ድምፅ አልተንቀጠቀጠም። "ባለፈው ወረቀት ስናባዛ በሩን ቆልፎ ያዘኝ። ጮኬ ነው ያመለጥኩት።"

"የእኛ ሐይደር?"

"የእኛ።"

ሐይደር የኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። መንግሥት ሊወድቅ ባለበት ሰሞን መላክ ራሷን ስታ ስትወድቅ ከአስለቃሽ ጭስ ውስጥ አዝሎ ያወጣትም እሱ ነው።

ነዕማት ወደ ሰልፉ ስትመለስ መላክ እናቷ ሐመልማል ዘንድ ደወለች። ሐመልማል ካርቱም ውስጥ፣ ሪያድ በሚባለው ሰፈር፣ ሰው ቤት አድራ ትሠራለች።

"እማ፣ ሐይደር አንዲት ልጅ በድሏል ይላሉ" አለቻት፣ እዚያው ካርቱም ባደገ አማርኛዋ።

"ያ አዝሎ ያወጣሽ? ስሙን ጠርቼ ሳልጸልይለት አድሬ አላውቅም እኮ!"

"እሱ።"

"ልጅቷ ስትነግርሽ አለቀሰች?"

"አላለቀሰችም።"

"ሳያለቅሱ ሲናገሩት ነው የሚያስፈራው።" ከወዲያ አሠሪዋ ስትጣራት ተሰማ። "መጣሁ እመቤቴ! ... በኋላ ልጄ፣ እየተጠራሁ ነው።"

ምን አድርጊ ሳትላት ስልኩ ተዘጋ።

የስብሰባው አዳራሽ ደጃፍ ላይ ሐይደር ጠበቃት።

"ነዕማት የምታወራውን ሰምቻለሁ። ወላሂ ቀልድ ነበር። አብዮቱን የሚጠሉት እኮ ይህችን አጋጣሚ ነው የሚጠብቁት። አንቺ ታውቂኛለሽ አይደል?"

"አውቅሃለሁ" አለች። እውነቷን ነበር፤ የጨነቃትም ይኸው ማወቋ ነው። ቀልድ ከሆነ በሩን ለምን ቆለፍከው ልትለው ፈልጋ፣ ሳትለው አልፋው ገባች።

ስብሰባው ተጀመረ፤ መድረኩ ላይ ሆኖ የሚመራው ሐይደር ነው። ነዕማት ተነሥታ ወደ መድረኩ ወጣች። ሐይደር ማይክሮፎኑን ከአፉ ሳያርቅ፣ "ያላ እህቴ፣ ቶሎ በይ፣ አሳጥሪው" አላት። ነዕማት ዓይኑን አየችው። አፏን ከፈተች፤ ቃል ግን አልወጣትም። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ።

መላክ መቆሟን ያወቀችው ሰው ሁሉ ሲያያት ነው።

"ሐይደር፣ እሷ ተናግራ እስክትጨርስ ውጭ ቆይ።"

"አንቺም አመንሻት?"

"እንጃ። ገና አልሰማኋትም። አንተ ፊቷ ቆመህ ግን አትናገርም።"

"ሐበሺያዋን ደግሞ ምን አገባት!" አለ የሳቀው ድምፅ።

መላክ አልዞረችም። መድረኩ ላይ ወጥታ እጇን ዘረጋችለት። ሐይደር እጇንም እሷንም ትንሽ አየና ማይክሮፎኑን ሰጣት። በአጠገቧ አልፎ ሲወርድ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። ማይክሮፎኑን ለነዕማት አቀበለቻትና አጠገቧ ቆመች።